ወንድሜን ለምርመራ እንዴት ላሳምነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶብኝ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፤ ኬሞውንም በቅርቡ ጨርሻለሁ፣ ተመስገን። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ነርቭ ስለሚጎዳ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ስነካ ይወጋኛል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅተኛል። ሐኪሜ ቀስ በቀስ ሊሻል እንደሚችል ነግሮኛል። እናንተ እስኪያልፍ ምን ረዳችሁ?

ዋናው ጭንቀቴ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው። 41 ዓመቱ ነው። እኔ በሽታው የታወቀብኝ በ46 ዓመቴ ነው። የታማሚ እህት፣ ወንድምና ልጆች ምንም ምልክት ባይኖራቸውም ከ40 ዓመት ጀምሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብለው ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ በኩል የትልቁን አንጀት ውስጥ የሚያይ ምርመራ) እንዲታዩ ይመከራል። ፖሊፕ የሚባለው እባጭ ወደ ካንሰር የሚለወጠው በዓመታት ውስጥ ነው፤ ቀድሞ ከተገኘ እዚያው በምርመራው ላይ ተቆርጦ ይወጣል።

ወንድሜ ደግሞ ሲጸዳዳ አልፎ አልፎ ደም ያያል። ሚስቱ ናት የነገረችኝ። «ኪንታሮት ነው፣ ተዪኝ» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይታይ በምን ይታወቃል? እኔ እንደሚመስለኝ የያዘው ሐፍረት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ያሳመናችሁ ምን ብላችሁ ነው? በተለይ ኮሎኖስኮፒ የተነሳችሁ ወንዶች፣ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒትና ማደንዘዣውን እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉልኝ። እባካችሁ፣ አነብለታለሁ።