ፊክሽንስበሻይኒጉንግ (የጀርመን ጊዜያዊ የመኖሪያ ማረጋገጫ ወረቀት) ይዤ አዲስ አበባ ደርሼ መመለስ እችላለሁ?

ሰላም ወገኖቼ። ጀርመን ነው ያለሁት። ማስተርሴን ጨርሼ ለተመራቂ የሚሰጠውን የ18 ወር የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ጠየቅኩ። ያመለከትኩት የተማሪነት ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ። ኢሜይል ብልክ ያው አውቶማቲክ መልስ ይመጣል። ስልኩንማ ተዉት።

እስከዚያው ፊክሽንስበሻይኒጉንግ ሰጡኝ፣ ያቺን የምትታጠፍ ወረቀት። ውስጧ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። የእኔ ምልክት ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 የሚለው ላይ። እንደገባኝ የድሮው ፈቃድ እንደጸና ይቆያል፣ ወጥቶ መመለስም ይቻላል። ንዑስ 3 ቢሆን ኖሮ አልሞክረውም ነበር።

እናቴ ታማብኛለች። ደርሼ መምጣት አለብኝ። የምፈራው ግን የጀርመንን ድንበር ሳይሆን ቦሌን ነው። ትኬት የሚያየው ሠራተኛ የድሮውን የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን አገላብጦ «ይሄ ጊዜው አልፏል» ቢለኝስ? ወረቀቷን የት ያውቃታል?

ንዑስ 4 ይዞ በቦሌ በኩል የተመለሰ አለ? በቀጥታ ፍራንክፈርት ነው የገባችሁት ወይስ በሌላ የሸንገን አገር ትራንዚት አድርጋችሁ? ያለፈበትን ካርድስ አብራችሁ አሳያችሁ? እስከ ዓርብ ትኬት መቁረጥ አለብኝ። እባካችሁ፣ በራሱ የደረሰበት ሰው ይንገረኝ።