ለመምህራን፦ ብሎግ እየጻፉ የሙያ ወዳጅ ማፍራት የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መካከል መምህራን እንደማይጠፉ በማመን ነው የምጽፈው። የትምህርት ማስረጃችን እየተገመገመ ያለን ወይም በረዳት መምህርነት የምንሠራ ሰዎች አለን። በምንኖርበት የውጭ አገር የሚያውቀን ርእሰ መምህርም ሆነ ምስክር የሚሆነን ባልደረባ የለንም። ብሎግ መጻፍ ይጠቅማል ሲባል እንሰማለን። ከምን ይጀመራል? በየትኛው ቋንቋ? ስለ ተማሪዎች መጻፍስ አያስጠይቅም? የምታውቁ ብታብራሩልን።

መልስ፣ ከሒሳብ መምህር
እህቴ፣ ይጠቅማል፤ ቅደም ተከተሉን ካወቅሽበት ነው ታዲያ። ብዙ ሰው ገጹን ያሳምርና ጽሑፍ ይደረድርበታል፤ አንባቢ ሲጠፋ ደግሞ ይተወዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የራስሽን ገጽ እርሺው። አንቺ የምታስተምሪውን ትምህርት ለተመሳሳይ ዕድሜ የሚያስተምሩና የሚጽፉ ከ10 እስከ 15 መምህራን ፈልጊ። የብሎጋቸውን አድራሻ ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር የሚባሉ የብሎግ መከታተያዎች ላይ ብትለጥፊው አዲስ የወጣውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያመጣልሻል። ከዚያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ መርጠሽ አስተያየት ስጪ።

«ግሩም ጽሑፍ ነው፣ በርቺ» የትም አያደርስም። አንዲት መምህርት ተማሪዎቿ 1/2 + 1/3 ሲባሉ 2/5 እያሉ እንዳስቸገሯት ጻፈች እንበል። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምረው ነው። ቁም ነገር ያለው አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ልጆቹ ይህን ያመጡት ከፈተና ውጤት ሊሆን ይችላል። ከ2 ጥያቄ 1፣ ከ3 ጥያቄ ደግሞ 1 ያገኘ ልጅ በጠቅላላው ከ5 ጥያቄ 2 አግኝቷል፤ እዚያ ላይ ትክክል ናቸው። 2/5 የት ላይ እንደሚውል በቁጥር መስመር አሳይተው፣ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ ብለው ቢጠይቋቸውስ? የፈተናው ድምር ከዚህ የሚለየው በምን እንደሆነ ለልጆቹ እንዴት ያስረዱ ነበር?» የስሕተቱ ምንጭ አለ፣ ነገ ክፍል ውስጥ የሚሞከር ነገር አለ፣ መልስ የሚፈልግ ጥያቄም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ አስተያየት ሰው ጊዜ ወስዶ ይመልሳል፤ ስምሽንም ይይዘዋል።

ብዙ ሰው ብሎግ የሚጽፍበት ዎርድፕረስ፣ የብሎጉ ባለቤት ካልቀየረው በቀር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት የሚሰጥን ሰው ጽሑፍ እስኪጸድቅ ያቆየዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሊንክ ያለበትንም እንዲሁ። ስለዚህ አልወጣም ብለሽ ደጋግመሽ አትላኪ።

የራስሽን ስትከፍቺ ነፃው ዎርድፕረስ፣ ብሎገር፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2005 ለመምህራን ተብሎ የተጀመረው ኤዱብሎግስ ሁሉም ይሆናሉ። የጻፍሽውን በሙሉ በፋይል አውርደሽ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ እንደሚቻል ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል አትክፈቺው፤ ሥራ የለቀቅሽ ቀን ኢሜይሉ ሲዘጋ የይለፍ ቃል ማስቀየሪያሽም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ጽሑፍ ከ400 እስከ 600 ቃል ይበቃዋል፤ ጉዳዩም አንድ ይሁን። የልጆቹን ዕድሜና ቁጥር፣ የክፍለ ጊዜውን ርዝመት አስቀምጪ። ዕድሜ ያልኩት በምክንያት ነው፦ የእንግሊዝ «ዪር 5» የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች ናቸው፤ በአሜሪካ በዚያ ዕድሜ ያሉት 4ኛ ክፍል ናቸው። የክፍል ስም ብቻ ከጻፍሽ የሌላ አገር መምህር የማይመለከተው መስሎት ያልፈዋል። ቀጥለሽ የጠየቅሻቸውን ጥያቄ ቃል በቃል፣ የመለሱትን መልስ፣ በሚቀጥለው የምትቀይሪውን ጻፊ። መጨረሻ ላይ ለአንባቢ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ሦስት ከጠየቅሽ አንዱንም የሚመልስ አታገኚም። ርእሱም «ክፍልፋይ ማስተማር» ከሚል «ልጆች 1/2 + 1/3ን ለምን 2/5 ይላሉ?» ቢል ያው ችግር ያለበት መምህር ፈልጎ ያገኘዋል። በወር ሁለት ጽሑፍ በቂ ነው።

መልስ፣ ከትምህርት ቤት አስተዳደር
ከላይ ያሉት ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ ስለ ተማሪዎች ምስጢር ልጨምር፤ ሰው እንጀራውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና።

ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። «ክፍሌ ውስጥ ያለችው አንዷ አዲስ መጪ ልጅ» ካላችሁ ትምህርት ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ልጅቷን አወቃት። ከሁለት ሦስት ክፍሎች ያያችሁትን አዋህዱና የተደጋገመውን ስሕተት ብቻ ጻፉ። የደብተር ፎቶ አትለጥፉ፤ የልጁን እጅ ጽሑፍ ወላጁ ይለየዋል። መልሱን በራሳችሁ እጅ ገልብጣችሁ አንሱት። ፎቶው የግድ ካስፈለገ ስሙን ቆርጣችሁ አውጡ እንጂ በስልክ ማድመቂያ አትሸፍኑት፤ ቀለሙ አሳላፊ ስለሆነ የፎቶው ብርሃን ሲጨመር ከሥሩ ያለው ይነበባል። የስልክ ፎቶ የተነሣበትን ቦታም በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ካሜራው ላይ የቦታ ፈቃዱን አጥፉት። የኦንላይን ክፍል ስክሪንሾት ደግሞ ጥግ ላይ የልጆችን ስም ይዞ ይወጣል።

ሕጉም አለ፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የተማሪዎችን መረጃ የሚጠብቀው ፌርፓ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር አሉ። ወላጅ ለትምህርት ቤቱ መጽሔት የፈረመው ፈቃድ ለእናንተ የግል ብሎግ ይሆናል ብላችሁ አታስቡ። የመሥሪያ ቤታችሁን የማኅበራዊ ሚዲያ መመሪያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «ሐሳቡ የግሌ ነው» የሚል መስመር ከታች ማስፈር አይከፋም፤ ግን አያድንም። ለሥራ ያዘጋጃችሁት የማስተማሪያ ጽሑፍ በብዙ አገር ሕግ የአሠሪው ንብረት ነው፤ ሙሉውን ከመለጠፍ ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል ጻፉት።

በቪዛ ላይ ያላችሁ፣ ማስታወቂያ አትክፈቱ። ጥቂትም ብትሆን ከብሎግ የምትገኝ ገቢ እንደ ግል ሥራ ልትቆጠር ትችላለች፤ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ፈቃድ ወይም የተማሪ ቪዛ ያንን ብዙ ጊዜ ይከለክላል።

መልስ፣ ከቋንቋ መምህርት
ስለ ቋንቋው፦ የማስተማር ፈቃድ የምታወጡበትና ሥራ የምትፈልጉበት አገር ቋንቋ ይቅደም። አማርኛውን ለኛው መምህራን በተጓዳኝ ብትጽፉት ወርቅ ነው፤ ግን ቀጣሪው አያነበውም። ሰዋስውን ማሽን ቢያርመው ችግር የለም። ሙሉውን ካስጻፋችሁት ግን ቃለ መጠይቅ ላይ «እዚህ ጋ እንዲህ ያልሽው ለምንድን ነው?» ሲሏችሁ ትያዛላችሁ።

ትውውቁ ለምን ከማኅበረሰባችን ውጭ እንደሚፈለግ ልበል። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነበር። እኛ እርስ በርስ የምናውቀው ክፍት የሥራ ቦታ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ አዲሱን የሚያመጣው የሩቁ ነው።

ሦስት አራት ጊዜ በአስተያየት ከተመላለሳችሁ በኋላ ኢሜይል ይላካል። አጭር፣ ጥያቄውም ትንሽ ይሁን፦ «ስለ ክፍልፋይ የጻፉትን የአምስት ጥያቄ መልመጃ እኔም ልሞክረውና የልጆቹን መልስ ልላክልዎ?» የሚል። የሥራና የምስክርነት ጥያቄ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አይነሣ። ሰውየው የሚያውቀው ጽሑፋችሁን እንጂ ክፍላችሁን አይደለም፤ ቢመሰክርም መመስከር የሚችለው በዚያው ልክ ነው። በአካል ለመገናኘት እ.ኤ.አ. በ2006 ስኮትላንድ ውስጥ የተጀመረው ቲችሚት ወይም በ2010 ፊላደልፊያ ላይ የተጀመረው ኤድካምፕ የሚባሉት የመምህራን ስብሰባዎች በአቅራቢያችሁ ካሉ ሂዱ። እዚያ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው መምህራን ናቸው፤ የጻፋችሁትንም ለጥቂት ደቂቃ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ለሥራ ስታመለክቱ የሁለት ጽሑፎችን ሊንክ ስጡ፣ የፊተኛውን ገጽ አይደለም፤ 40 ጽሑፍ ገልብጦ የሚያነብ ቀጣሪ የለም። ለፈቃድ እድሳት የሥልጠና ሰዓት ሆኖ ይቆጠር እንደሆነ ፈቃድ ሰጪውን ሳትጠይቁ አትመኑበት። ያም ሆነ ይህ ቀኑን፣ ርእሱን፣ የወሰደባችሁን ሰዓትና ክፍል ውስጥ የቀየራችሁትን በሠንጠረዥ ያዙ።

ጥያቄ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ጽፈን አንድም አስተያየት የሚሰጥ ካልተገኘስ?

መልስ፣ ከሒሳብ መምህር
እህቴ፣ መጀመሪያ የአስተያየት መስጫው መከፈቱን ከሌላ ስልክ፣ ሳትገቢበት እዪው። መግቢያ አካውንት የሚጠይቅ ከሆነ ግማሹ ሰው እዚያው ይመለሳል። ክፍት ከሆነ ሐሳቡን የወሰድሽበትን መምህር ጽሑፍ በሊንክ ጥቀሺ፤ ሁለታችሁም ዎርድፕረስ ላይ ከሆናችሁ ባለቤቱ ካላጠፋው በቀር ማሳወቂያ ይደርሰዋል። ካልደረሰው ደግሞ «ያንተን ሐሳብ በ11 ዓመት ልጆች ላይ ሞክሬው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተሰናከሉ» ብለሽ ገጹ ላይ ጻፊለት።