በአረማመድ መለየት፦ ሞዴሉ በማግስቱ ባለቤቱን ለምን ይረሳል?

ጥያቄ፦ በስልክ አክስለሮሜትር (የእንቅስቃሴ መለኪያ ሴንሰር) ሰውን በአረማመዱ የሚለይ ሞዴል በዕለቱ ዳታ ጎበዝ ነው፤ በማግስቱ ግን ባለቤቱን ራሱን አይቀበልም። የት ይሆን ችግሩ?

መልስ 1፦ መስኮቶቹን (የዳታውን አጫጭር ቁራጮች) በግማሽ እየደራረብክ ቆርጠህ በዘፈቀደ ከከፈልካቸው፣ ያው እርምጃ ለስልጠናም ለፈተናም ገብቷል። በቀን ክፈል፤ በሰኞ አሰልጥን፣ በሐሙስ ፈትን። ውጤቱ ይወርዳል፣ እውነተኛው ግን እሱ ነው።

መልስ 2፦ ስልክ ኪስ ውስጥ ይገለበጣል፤ ስለዚህ የሦስቱን አቅጣጫ ልኬት፣ ኤክስ፣ ዋይና ዜድን፣ ለየብቻ አትመናቸው። የሦስቱን ስኩዌር ደምረህ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። አንድሮይድ ናሙናውን በእኩል ልዩነት ስለማይሰጥ መጀመሪያ በሰዓት ማህተሙ ወደ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ናሙና) አስተካክለው። የ128 ናሙና መስኮት 2.56 ሰከንድ ይሆናል፤ በተለመደ እርምጃ ሁለት ሙሉ ዑደት (የግራና የቀኝ እርምጃ አንድ ላይ) ይይዛል።

መልስ 3፦ ጫማና ሸክምም አትርሱ። ለአረማመድ ጥናት በካሜራ የተሰበሰበው ካሲያ-ቢ የተባለ ዳታ 124 ሰዎችን ከ11 አቅጣጫ ሲቀርጽ ቦርሳና ካፖርት የጨመረው ለዚሁ ነው። ደግሞ አረማመድ ብቻውን ቁልፍ አይሁን፤ የመመሳሰል ነጥቡ ሲወርድ ስልኩ ፒን ይጠይቅ።