ክርክር፦ በይቅርታ የወጣ ሰው የቀድሞ ፍርዱ ለቀጣሪ ይታይ ወይስ አይታይ?

ቀጣሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው ወር ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ፈተናውን ከሁሉም በልጦ አለፈ። ቃለ መጠይቅ ላይ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተናገረ። "እምነት በማጉደል ተፈርዶብኝ አራት ዓመት ታስሬአለሁ። በይቅርታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው" አለ። ሥራ አስኪያጃችን "ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ማምጣት የማይችል ሰው አንቀጥርም" ብሎ እዚያው ጨረሰው። ወደ በር ስሸኘው ሰውዬው "ብዋሽ ይሻለኝ ነበር?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ዝም አልኩ።

የእኔ አቋም ይኸው። መንግሥት ይቅር ያለውን ሰው ቀጣሪ እንደገና ሊፈርድበት አይገባም። የድሮው ፍርድ ለቀጣሪ መታየት የለበትም። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ።

የመርካቶው ነጋዴ፦
ልጄ፣ ልብሽ ደግ ነው። ግን ንብረት ክፍል ነው ያልሽው። የድርጅቱ ዕቃ በሙሉ እጁ ላይ ሊገባ ነው።

እኔ ንግድ ላይ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት መጋዘን ያስያዝኩት ልጅ ጨርቁን በጣቃ በጣቃ እያወጣ ሲሸጥ ከርሞ፣ ቆጠራ ስናደርግ ነው የነቃሁት። ለካ ከእኔ በፊትም ሌላ ሱቅ ውስጥ እንዲሁ አድርጎ ታስሮ ኖሯል። አንድም ሰው አልነገረኝም። እሱ ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ። እኔ የአስመጪውን ዕዳ አራት ዓመት ሙሉ ከፈልኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መንግሥት ይቅር ቢለው መብቱ ነው። ዕቃው ግን የእኔ ነበር። ዕቃዬን ለማን እንደማስረክብ ማወቅ የለብህም ካላችሁኝ አልቀበልም።

ጠበቃው፦
ጋሼ ያሉት ከባድ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ቃላቱን እንለይ። ይቅርታ፣ ምሕረት እና መሰየም በሕጋችን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይቅርታ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠ ሥልጣን ነው። አካሄዱ በአዋጅ 840/2006 ተደንግጓል፤ ጥያቄውን የሚያየው የይቅርታ ቦርድ ነው። ክልሎችም የራሳቸው አላቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 229 ነው። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል። ፍርዱን ግን አይሰርዘውም። መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። ስለዚህ የእህታችን ሥራ አስኪያጅ ሰውዬው ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ማምጣት አይችልም ማለቱ ስህተት የለበትም።

ምሕረት ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. እንደወጣው ያለ የምሕረት አዋጅ ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያስቆጥራል።

ሦስተኛው መሰየም ነው። ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ታገኙታላችሁ። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ወይም ከቀረለት በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ቀላል እስራት የተፈረደበት ደግሞ ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየ፣ የተፈረደበትንም ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የድሮውን ፍርድ በክፋት እያነሳ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። እውነት ነው ብሎ እንኳ መከላከል አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄው "ይታይ ወይስ አይታይ" መሆን የለበትም። ሕጉ መልሶታል፤ ለጊዜው ይታያል፣ ከዚያ ይዘጋል። የሚያሳዝነው፣ በሥራ ዘመኔ መሰየም እፈልጋለሁ ብሎ ቢሮዬ የመጣ ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

አናጺው፦
እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ወረቀቱን የማውቀው ይዤው ስለዞርኩ ነው።

ትንሽ ኮንትራክተር ነበርኩ። የምጠብቀው ክፍያ ሲዘገይ ቼክ ጻፍኩ፤ እሱን ለመሸፈን ሌላ ጻፍኩ። ደረቅ ቼክ የሚሉት ነው። የሰው ገንዘብ ነው ያጠፋሁት፤ ዕድል ነው ብዬ አላመካኝም። ስድስት ዓመት ተፈረደብኝ። ቃሊቲ ቆይቼ ወደ ዝዋይ ተዛወርኩ። እዚያ እንጨት ሥራ ተማርኩ። ሦስት ዓመት ከምናምን እንደሞላኝ ለአዲስ ዓመት በወጣው ይቅርታ ስሜ ተጠራ። በአንድ ፌስታል ሁለት ሸሚዝና ሰርተፍኬቴን ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቤተሰብ በግ አረደ። እናቴ እልል አለች። ሰፈሩ መጥቶ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ፍለጋ ጀመርኩ። ጥበቃ ልቀጠር ብል አሻራ አሉኝ። አንድ የግል ትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና የእንጨት ሥራ ሰርተፍኬቴን ሰጠሁ። ሰውዬው ማኅተሙን አየ። የማረሚያ ቤት ስም አለበት። ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። የተማርኩበት ወረቀት ራሱ የሚያጋልጠኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰርተፍኬቱን አላሳየሁም። "የት ተማርክ?" ሲሉኝ "ከሰው ጋር እየሠራሁ" እላለሁ። ይኼ ደግሞ ውሸት ነው። እህቴ፣ ያ ሰውዬ "ብዋሽ ይሻለኝ ነበር?" ያለሽን እኔ መልሼዋለሁ። ዋሽቻለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አይወስድህም፤ ነገ ማን ያውቀኝ ይሆን እያልክ ታድራለህ።

አንድ ሽማግሌ አናጺ ነው ያነሳኝ። ጎተራ አካባቢ ትንሽ ቤት ነበረችው። መደበቁን ፈራሁና ሁሉንም ነገርኩት። "መላጊያ መያዝ ትችላለህ?" አለኝ። ሌላ አልጠየቀኝም። ሁለት ዓመት አብሬው ሠራሁ። አሁን የራሴን ከፍቼ ሦስት ልጆች ቀጥሬአለሁ። አንደኛው እንደ እኔ የወጣ ነው። የሱቁን ቁልፍ እሱ ነው የሚይዘው።

ጠበቃው፣ ይህን መሰየም የሚሉትን ነገር ዛሬ ከእርስዎ መስማቴ ነው። ስንወጣ ማንም አልነገረንም። እኔ ከወጣሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የመርካቶው ነጋዴ፦
አናጺው ወንድሜ፣ ያነበብኩት አንጀቴን በልቶት ነው። አንተን እቀጥርሃለሁ። ግን ለምን እንደምቀጥርህ ልንገርህ፤ ስለነገርከኝ ነው። የእኔ ክርክር ከመደበቁ ጋር ነው። የታሰረ ሰው እንጀራ አይብላ አላልኩም። ጫኝና አውራጅ፣ ሽያጭ፣ ሌላም ቦታ አለ። መጋዘንና ካዝና ግን ተያዥ ያምጣ። ይኼ ለማንም የምጠይቀው ነው።

አናጺው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተያዥ ግን ከየት ይምጣ? የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ፣ ደሞዙ ይህን ያህል የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ነው የምትጠይቁት። ያልታሰረው እንኳ በልመና ነው የሚያገኘው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ዘመድ የነበረኝን ሁሉ ለፍርድ ቤት ዋስ ጨርሻቸዋለሁ።

ወጣቱ፦
እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ ሳላንስ አልቀርም፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ብርቱካን ሚደቅሳ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታስራ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጣች። ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ተመልሳ ታሰረች። በ2003 መጀመሪያ እንደገና ወጣች። ኅዳር 2011 ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። አገር ትልቁን አደራ ለቀድሞ ፍርደኛ ከሰጠ፣ አንድ የንብረት ክፍል ምን ያህል ይበልጣል?

የመርካቶው ነጋዴ፦
የሷ የፖለቲካ ነው ልጄ። የሰው ጨርቅ አልወሰደችም። አታወዳድር።

ጠበቃው፦
በዚህ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፤ የፖለቲካ ፍርድን ከስርቆት ጋር አንድ ላይ ማየት ተበዳዩን መርሳት ነው። ግን ወጣቱ ያነሳው ሌላ ጠቃሚ ነገር አለበት። ይቅርታ ሊነሣ ይችላል። ፍርዱ ከሥር ስላለ ነው የሚነሣው። በይቅርታ የወጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚኖረው ለዚህም ነው።

ስለ ሥራው ዓይነት ጋሼ ልክ ናቸው። ሕጉም ይለያል። በ2010 ወጥቶ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለምሳሌ በእምነት ማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማታለል የተፈረደበትን ሰው ለይቶ ነው ከቅጥር የከለከለው። ሰክሮ የተደባደበውን ከነሱ ጋር አልደመረም። ችግሩ የግል ቀጣሪው ነው። "ከወንጀል ነፃ" ሲል ደረቅ ቼክም፣ ድብድብም፣ የመኪና አደጋም አንድ ላይ ይጠቀለላሉ። በመኪና አደጋ የተፈረደበት ሰው ሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን ምን ይጎዳል?

የሟች እህት፦
ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። አልቻልኩም።

ወንድሜ በጠብ ነው የተገደለው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የገደለው ሰው ከዓመታት በኋላ በይቅርታ ወጣ። ይቅርታ ሲጠየቅ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ከተበዳይ ቤተሰብ ጋር መታረቅ ነው። ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው መጡ። እናቴ "ለእግዚአብሔር ብዬ" አለችና ተነሥታ ጓዳ ገባች። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር። አንድም ሰው አንቺስ አላለኝም። መውጣቱንም የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ይሥራ። እውነቴን ነው። ልጆች አሉት፤ የሱ ልጆች ምን አደረጉ? ሥራ ካጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ መጠጥ ነው። ግን ጠበቃው "እንዳልነበረ ይቆጠራል" ሲሉ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ነበረ። መዝገቡ ሲሰረዝ እኛን የሚጠይቅ አለ?

ጠበቃው፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቃሉን የጻፍኩት በችኮላ ነው፤ በዚህ አቀራረብ መስማት አልነበረብሽም። እንዳልነበረ የሚቆጠረው ፍርደኝነቱ ነው፤ የወንድምሽ ሞት አይደለም። ይቅርታም ምሕረትም የተበዳይን ካሳ አያስቀሩም። ለጥያቄሽ ግን ማምለጫ አልፈልግም። ሕጉ ስለ ጠባዩና ስለ ካሳው ይጠይቃል እንጂ የሟችን ቤተሰብ ጠርታችሁ ስሙ አይልም። ቢል ደስ ይለኛል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህም ይኸው ክርክር አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 2014 የወጣ ሕግ አለ። ከጥቂት ሠራተኞች በላይ ያሉት ቀጣሪ ሥራውን እሰጥሃለሁ ሳይል በፊት ስለ ወንጀል መዝገብ መጠየቅ አይችልም። ካየ በኋላ ቢከለክልም ምክንያቱ ከሥራው ጋር መያያዝ አለበት። ማለት ሰውዬው መጀመሪያ በችሎታው ይታያል። ጋሼ፣ ይኼ እርስዎን አያሳውርዎትም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የሚቀይረው።

የእኛ ልጆች ጉዳይ ግን ከሥራም ያልፋል። ግሪን ካርድ ይዞ ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ልጅ ተባራሪ ነው። የስቴቱ ገዥ የሚሰጠው ሙሉ ይቅርታ አንዳንዱን ከመባረር ያድነዋል። የዕፅ ከሆነ ግን አያድነውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በዕፅ የተፈረደበት አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ወላጆቹ ይቅርታ ይገኛል ብለው ስንት ዓመት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆዩ፤ በኋላ ጠበቃ ሲያማክሩ እንደማያድነው ተነገራቸው። ለዚህ ነው ልጆቻችን ጥፋቱን ከመቀበላቸው በፊት የስደተኛ ሕግ የሚያውቅ ሰው እንዲያዩ የምለምነው።

ቀጣሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አቋሜ ተቀይሯል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። "አይታይ" ያልኩትን አንሥቻለሁ። የሟች እህት የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ያን ቃል በቀላሉ መናገር አልችልም። ግን ቀድሞ በወረቀት መጣል ልክ አይደለም ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ጋ ተመልሼ ገባሁ። ንብረት ክፍል እንደማይሆን ነገረኝ። ጎማና መለዋወጫ የሚመዘግብ ሰው ግን ጋራዡ ይፈልጋል፤ በሦስት ወር ሙከራ፣ ቆጠራው በየሳምንቱ ሆኖ እሺ አለ። ሰውዬው ሰኞ ይመጣል። ጋሼ፣ ተያዥ አልጠየቅነውም።

የመርካቶው ነጋዴ፦
በየሳምንቱ ቆጠራ ካለ ጥሩ ነው። እኔ ያላደረግኩት እሱን ነበር።

አናጺው፦
ጠበቃው፣ ለማመልከት ምን ልያዝ? የቼኩን ባለገንዘቦች ሁለቱን ከፍያለሁ። ሦስተኛው አገር ለቆ ሄዷል፤ ለወንድሙ ነው የሰጠሁት።

ጠበቃው፦
የይቅርታ ደብዳቤህን፣ የፍርዱን ግልባጭ፣ የከፈልክበትን ደረሰኝ ያዝ። ለወንድሙ የሰጠኸውን በጽሑፍ አስፈርመኸዋል? ካላስፈረምክ ፈልገህ አግኘውና አስፈርመው። እህቴ ቀጣሪዋ፣ ለሰኞው ሰውም ንገሪልኝ፤ የተፈረደበት ጽኑ እስራት ከሆነ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ካሳ ካለበት ከአሁኑ ጥቂት ጥቂት ይክፈልና ደረሰኙን አይጣል።