የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ጭሱን የት ያደርሰው ነበር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዳማ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ወስጄ ስለ እንፋሎት ባቡር ሳስረዳ፣ አንዲት ልጅ «የለንደኑ የምድር ውስጥ ባቡር ኤሌክትሪክ ሳይኖር ከተጀመረ፣ ጭሱ በየት ይወጣ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያውኑስ ከመሬት በታች መግባት ለምን አስፈለገ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ 1
መምህር፣ ምክንያቱ የመንገድ መጨናነቅ ነው። ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጡት ባቡሮች መሀል ለንደን መግባት ስላልተፈቀደላቸው ጣቢያዎቻቸው ከተማው ዳር ቀሩ፤ ተሳፋሪውም የቀረውን መንገድ በፈረስ ጋሪ ወይም በእግሩ ይጨርሰው ነበር። የከተማው አስተዳደር ጠበቃ ቻርለስ ፒርሰን ለዓመታት የወተወተው፣ ድሃው ሠራተኛ ከተጣበበው መሀል ከተማ ወጥቶ ዳር እየኖረ በባቡር ሥራው እንዲገባ ነው። ፒርሰን በ1862 በፈረንጅ አቆጣጠር ሞተ፤ መስመሩ የተከፈተው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1863 ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ግን፣ ፋሪንግደን አካባቢ ለዚሁ መስመር ሲባል የፈረሱት ቤቶች የእነዚያው ድሆች መሆናቸው ነው።

መልስ 2
በመልስ 1 ላይ ስለ አሠራሩ ልጨምር። ዋሻ ሲባል ተራራ መሰርሰር ይመስለናል፤ ይህ ግን በአብዛኛው መንገዱን ቆፍሮ ቦይ ማውጣት፣ ግራ ቀኙን በጡብ መገንባት፣ ላዩን በቅስት ደፍኖ መንገዱን መልሶ ማንጠፍ ነበር። አዳማ ላይ የጎርፍ መውረጃ ሲሠራ ያየ ሰው፣ ግንቡ አልቆ የኮንክሪት ክዳኑ ሲገጠም የተመለከተ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በ1862 ፍሊት የተባለው የፍሳሽ መውረጃ ፈርሶ ቁፋሮውን አጥለቅልቆት ነበር።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ስመለስ፣ ዘዴው ሁለት ነበር። ሎኮሞቲቩ የተጠቀመበትን እንፋሎት በቱቦ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ጋን እየመራ ያቀዘቅዘዋል፤ ጭስ እንዲቀንስም በተራው የድንጋይ ከሰል ፈንታ ኮክ የሚባለው፣ ጭስ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ በሙቀት የወጣለት ከሰል ይነድ ነበር። የመስመሩ አንዳንድ ክፍልም ክዳን አልነበረውም። ያም ሆኖ የኮኩ ጋዝ አፍንጫ ይሰነፍጥ ስለነበር፣ ቆይቶ ተጨማሪ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ተከፈቱ። ሕዝቡ ግን አልሸሸም፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 6 ኪሎ ሜትር በምትሆነው መስመር ላይ 38 ሺህ ገደማ ሰው ተሳፍሯል።

በቴምዝ ወንዝ ሥር በጥልቀት የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር የተከፈተው በ1890 ነው። የመጀመሪያው መስመር የዋሻ ክፍል ወደ ኤሌክትሪክ የዞረው ደግሞ በ1905 ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ለልጅቷ የቦዩንና የውኃ ጋኑን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እሥልላታለሁ።