ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የምትወስድ የዲያሊሲስ ታካሚ፦ ባሕር ዳር ላይ ምን እናዘጋጅ?

ጣና ዳር ነርስ
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን የማጠብ ሕክምና) ክፍል ነው የምሠራው። በሳምንት ሦስት ቀን የምትታጠብ፣ ሽንት ፈጽሞ የሌላት ታካሚ አለችን። ለታይሮይድ ካንሰር አዲስ አበባ 50 ሚሊኪዩሪ (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ አዮዲን 131፣ ልትወስድ ነው፤ በማግስቱ ተመልሳ እኛ ጋ እንድትታጠብ ታስቧል። ማሽኑ ይበከላል? አልጋዎቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ አንዷ ነርሳችን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ፍሳሹስ ጣና ይገባ ይሆን?

የጨረር ፊዚክስ
ሲስተር፣ ከማሽኑ በፊት ቀጠሮው ይስተካከል። ኩላሊቱ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን አዮዲን በሁለት ቀን ገደማ በሽንት ያስወጣዋል። የእሷ ዋና መውጫ እጥበቱ ነው፤ እስክትታጠብ ድረስ አዮዲኑ የሚቀንሰው በራሱ ጊዜ፣ በ8 ቀን በግማሽ ብቻ ነው። በማግስቱ አውቶቡስ ብትሳፈር፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የወሰደችውን ከሞላ ጎደል ይዛ ከሰው ጎን ልትቀመጥ ነው። ይህ መሆን የለበትም።

ከመድኃኒቱ በፊት ባለው ቀን ትታጠብ። ቀጣዩ እጥበት ከወሰደች በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እዚያው አዲስ አበባ ይሁን፤ ቢቻል ሁለተኛውም። ቢቸኮል አዮዲኑ ካንሰሩ ሳይስበው ታጥቦ ይወጣል፤ ቢዘገይ መቅኒዋ ይጎዳል። አንድ እጥበት በደም ከሚዘዋወረው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል። ስትመለስ በ1 ሜትር ርቀት የተለካ የጨረር መጠኗን በወረቀት ይዛ ትምጣ።

50 ሚሊኪዩሪ እንደተወሰደ በ1 ሜትር በሰዓት 100 ማይክሮሲቨርት (ሰው የሚያገኘው የጨረር መጠን መለኪያ፣ የሚሊሲቨርት አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው። በ2 ሜትር ሩብ ይሆናል፦ 25። አራት ሰዓት እዚያው የቆየ ሰው 0.1 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ ለሕዝብ የተፈቀደው በዓመት 1 ነው። ከሁለት እጥበት በኋላ ደግሞ በጣም ይወርዳል። የኤክስሬይ ክፍሉን የእርሳስ ሽርጥ አትመኑበት፣ የዚህን አዮዲን ጋማ ጨረር ብዙም አያግድም። የሚያድነው ርቀት ነው።

ኔፍሮ ነርስ
በእጥበቱ ላይ ልጨምር። ደሟ ማሽኑን አይነካም፤ አዮዲኑ የሚያልፈው በዲያላይዘሩ (በደም ማጣሪያው)፣ በቱቦዎቹና በፍሳሽ መስመሩ ነው። ዲያላይዘሩ ለድጋሚ አይታጠብ። ከቱቦዎቹ ጋር በድርብ ፌስታል ታስሮ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተቆልፎ 80 ቀን ይቀመጥ፤ ያኔ ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል። ተለክቶ ንጹሕ ከሆነ እንደ ሌላው የሕክምና ቆሻሻ ይወገዳል። ማሽኑን እንደ ወትሮው ዲስኢንፌክት አድርጉና በጨረር መለኪያ ፈትሹ።

የመጨረሻውን ፈረቃና የጥግ አልጋ ስጧት። ፕራይሚንጉ (ቱቦዎቹን በፈሳሽ ሞልቶ ማዘጋጀቱ) ሳትገባ ይጠናቀቅ፣ የደም ግፊት መለኪያው በራሱ የሚሠራ ይሁን። ነፍሰ ጡሯ ሌላ ፈረቃ ትግባ። ግፊቷ ከወረደ ግን ማንም ርቀት አይቁጠር፤ ቀርባችሁ እርዷት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፖቪዶን፣ አዮዲን ያለበት የቆዳ ማጽጃ፣ ነው። የካቴተሩን (ደም የሚወጣበትን ቱቦ) ቦታ በፖቪዶን ካጸዳችሁ ያልተፈለገ አዮዲን ይገባና ሕክምናውን ያዳክመዋል። ከመውሰዷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አዮዲን ወደሌለው ማጽጃ፣ ወደ ክሎርሄክሲዲን ቀይሩ። ምግቧም በዚያው ጊዜ አዮዲን ካለው ጨው ይጽዳ፤ የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የሚገባውን ጨው አስታውሷት። የጣና ዓሣ በዚህ በኩል አያሰጋም፣ የሚከለከለው የባሕር ዓሣ ነው። ለሁሉም ታካሚ የሚታደለው ወረቀት ላይ «ብዙ ውሃ ጠጡ» የሚል ካለ ሰርዙላት፤ ለእሷ አደገኛ ነው።

ጣና ዳር ነርስ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጠሮውን ዛሬውኑ እናስለውጣለን። የእኛ ፍሳሽ የሚገባው ሴፕቲክ ታንክ ነው።

የጨረር ፊዚክስ
መልካም። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ከሆነ በአራት ሰዓት 120 ሊትር ዲያሊሴት (የእጥበቱ ፈሳሽ) ይፈሳል፣ አዮዲኑ በዚያ ይቀጥናል። ቱቦው ክፍት ቦይ ውስጥ አለመግባቱን ግን በዓይናችሁ እዩ፤ በእሷ ላይ ከፍተኛ ጨረር ከተለካበት የመጨረሻ ቀን በኋላ 80 ቀን ሳይሞላም መጣጭ መኪና አትጥሩ።