ጓሳ ውስጥ የድንጋይ ካባ ቢከፈት፦ «2 ሄክታር ብቻ» የሚለው መከራከሪያ ያስኬዳል?

ጅብራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመንገድ ጠጠር በሰሜን ሸዋው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ካባ (ድንጋይ ተፈንቅሎ የሚወጣበት ቦታ) ይከፈት ለሚል ሐሳብ የሚቀርበው መከራከሪያ አጭር ነው። ጓሳ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 2 ሄክታር ቢነካ 0.02 በመቶ ነው ይባላል። ሂሳቡ ልክ ነው፤ የማልቀበለው መለኪያውን ነው። ሙያው ያላችሁ፣ የካባ ጉዳት በምን ይለካል? የተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ (ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ የሚጠናበት) ቢቀርብልን ቀድመን ምኑን እንይ?

ጥቁር ድንጋይ፦
ከስፋቱ ይልቅ የሚወጣውን አለት አስሉ። 2 ሄክታር በ5 ሜትር ጥልቀት ሲቆፈር 100 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። አለት ሲፈነዳ ተሰባብሮ ይነፋል፣ ቦታ ይበዛበታል፤ በ1.45 ብናባዛው 145 ሺህ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ወደ 9 ሺህ ጭነት ማለት ነው፤ ባዶ መመለሻው ሲጨመር መኪና 18 ሺህ ጊዜ ያልፋል። አቧራውም ጩኸቱም የሚመጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ፍላጎቱን ጠይቁ። 7 ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በኪሎ ሜትር 1,400 ሜትር ኩብ ይበላል፤ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ነው ብንል 28 ሺህ። ከ145 ሺሁ የቀረው ለማን ነው? ሰነዱ ይህን ካልመለሰ ካባው ለመንገዱ ብቻ አይደለም።

ውሃው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ከጓሳ የሚነሳው ውሃ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሣሩና አፈሩ የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ይለቁታል። የካባ ወለል ግን አይመጥም፤ 1 ሄክታር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሜትር ኩብ ጎርፍ ነው። የደለል ማጠራቀሚያው ገንዳ ለእያንዳንዱ ሄክታር ቢያንስ ይህን መያዝ አለበት። ገንዳ ከንቱ የሚሆነው ሳይጠረግ ሲቀር ነው፤ በሐምሌ በደለል ከሞላ በነሐሴ ጎርፉ በላዩ ያልፋል። ሲሶው ሲሞላ ይጠረግ ተብሎ በውሉ ይግባ። ፈንጂው አሞኒየም ናይትሬት ያለበት ከሆነ ቅሪቱ ውሃ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ከካባው በላይና በታች ያሉ ምንጮች ናይትሬታቸው ይለካ፣ ያውም ሥራው ሳይጀመር፣ በየካቲትና በነሐሴ። መነሻ ልኬት ከሌለ በኋላ ጉዳት ቢደርስ የምታወዳድሩበት አይኖርም።

ቀይ ቀበሮ፦
እኔ የምጨምረው የአውሬውን ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ እየበላ ነው፤ አይጧ የምትደበቀው ጓሳ የሚባለው ሣር ሥር ነው። አፈሩ ሲገፈፍ ጉድጓዷም መኖዋም አብሮ ይሄዳል። ግልገሎቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሚወለዱ በእነዚህ ወራት ፍንዳታ ጨርሶ መከልከል አለበት።

ከሁሉ የምፈራው ግን ውሻ ነው። የሠራተኛ ካምፕ ባለበት ውሻ አይጠፋም፤ በባሌ ተራሮች ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጁት ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ ናቸው። ካምፑ ከጥብቅ ስፍራው ውጭ ይሁን፣ የምግብ ትርፍራፊ ሜዳ ላይ አይጣል።

«ስንጨርስ መልሰን እናለማለን» ሲባል ዝርዝሩን ጠይቁ። የላይኛው አፈር ለብቻው ተገፎ ይቀመጣል፤ ክምሩ ከ2 ሜትር ከበለጠ የታችኛው አየር አጥቶ ይሞታል። አለቱ ሳይሰነጠቅ አፈር ቢበተንበት ውሃ ይቆምና ሥር ይበሰብሳል። ጓሳው ከነሥሩና ከነአፈሩ ተነስቶ በሰኔ መጨረሻ ካልተተከለ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ብርድ የበጋው ውርጭ አፈሩን እያነሳ ችግኙን ይነቅለዋል።

መንገደኛ፦
ይሁንና መንገዱም የሕዝብ ነው። ወላድ በጭቃ ላይ በቃሬዛ እንዳትወሰድ ጠጠሩ የግድ ነው። ከሩቅ ይምጣ ስንል ዋጋውን ማን ይችላል?

ጥቁር ድንጋይ፦
ልክ ነዎት፣ የማጓጓዣው ወጪ ይጨምራል። ግን የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ጓሳ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ማዕድን አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ከጥብቅ ስፍራው ውጭ ያሉ ሁለት ሦስት ቦታዎች በናሙና ተፈትሸው፣ የጥንካሬ ውጤታቸውና የማጓጓዣ ዋጋቸው በሰነዱ ጎን ለጎን ይቅረብ። አማራጭ ያልታየበት ግምገማ ጎደሎ ነው።

አባ ቄራ፦
በሕጉ በኩል፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ይከለክላል፤ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበትም ያዛል። ሰነዱ ሲደርሳችሁ መዳረሻ መንገዱ፣ ክሬሸሩ (ድንጋይ መፍጫው) እና ካምፑ መካተታቸውን እዩ፤ ጉድጓዱን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ይመለስ በሉ። ውሳኔው ቅር ካሰኛችሁ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቤት ማለት ትችላላችሁ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው አቤቱታው ገቢ ከሆነበት ዕለት ስለሆነ በጽሑፍ አስገቡ፣ ማኅተምና ቀን ያረፈበትን ቅጂም እጃችሁ ላይ አስቀሩ።